ሪባን ያልተቆረጠለት ባጃጅ

አዳማ ላይ «አዲስ ሞተር ሊገባ ነው» የሚል ወሬ ጠፍቶ አያውቅም። ፍራንኮ አካባቢ ቡና የሚጠጣ ሞተረኛ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል። ፎቶው ከህንድ ወይም ከቻይና የመጣ ነው። «በሚቀጥለው ወር ይገባል ተብሏል» ይላል። ማን እንዳለ አይታወቅም። ወሩ ያልፋል፣ ዓመቱም ያልፋል፣ ሞተሩ ግን አይመጣም። ትንሽ ቆይቶ ያው ፎቶ በሌላ ስም ይዞራል።

ይህ ወሬ ብዙ ጊዜ በሳቅ ይታለፋል። ነገር ግን ወሬውን አምኖ ያለውን ሞተር በርካሽ የሚሸጥ አለ። ሊገዛ ያሰበውን የሚያዘገይ፣ ብሩን ይዞ የሚጠብቅም አለ። ለእሱ ወሬው ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህ ወሬ ጎን ለጎን ደግሞ ትዝታው አለ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች ያደጉ ሰዎች ስለ ድሮ ሞተር ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል። በአፋን ኦሮሞ ሞተር ሳይክል «ዶቅዶቄ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከድምፁ ነው። ዶቅዶቄው ከሩቅ ሲሰማ ልጆች ወደ መንገድ ይወጡ ነበር። ነጂው አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ወይም የርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የግብርና ባለሙያ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ወይም የጤና ሠራተኛ። የሚነዳውም የጃፓን ሞተር ነው፤ ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ ወይም ሆንዳ ኤክስኤል። ኤጂ የተሠራው ለእርሻ ሥራ ነው። መጀመሪያ የታሰበውም ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነበር። ጭቃውንም አቧራውንም የሚችል፣ ዕቃ የሚጭን፣ ቀላል ሞተር ነው።

«የድሮ ሞተር እኮ ብረቱ ሌላ ነበር» ይላሉ ትዝታ ያለባቸው። ብረቱ ጥሩ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ያ ሞተር ብቻውን አልነበረም። ከጀርባው መሥሪያ ቤት ነበረ። መለዋወጫ የሚያስቀምጥ መጋዘን፣ በጀት፣ ሞተሩን በየጊዜው የሚፈታ መካኒክ ነበረው። ትዝታው ሞተሩን ያስታውሳል፣ መጋዘኑን ይረሳል። ወሬውም ስህተቱ ያው ነው። የሚመጣውን ሞተር ያያል፤ ሞተሩ ሲበላሽ ማን እንደሚያነሳው አይጠይቅም።

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ብዙ ምርቃት ታይቷል። ሞጆን የሚያውቅ ሰው ሆላንድ ካርን ያስታውሳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቁሞ ሞጆ ላይ አውቶሞቢል ይገጣጥም ነበር። ከቻይናው ሊፋን የተገጣጠመችው መኪና «አባይ» የሚል ስም ተሰጣት። የወንዝ ስም የያዘች፣ አገር ውስጥ የተገጣጠመች መኪና! በጊዜው ያኮራ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ድርጅቱ ከሰረ፣ ሥራውም ቆመ። «አባይ»ን የገዛ ሰው መኪናውን ይዞ ቀረ፣ ፋብሪካው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የቮልስዋገን ተራ መጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ «ቮልስ» ሲባል ልቡ የማይሞቅ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. የጀርመን ፕሬዚዳንት አዲስ አበባን ሲጎበኙ ቮልስዋገን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረመ። የመኪና መገጣጠሚያ፣ የመለዋወጫ ምርት፣ የሥልጠና ማዕከል፣ ሁሉም በሰነዱ ተነሥቶ ነበር። ዜናው በየቡና ቤቱ «ቮልስ ተመለሰች» ተብሎ ተወራ። የመግባቢያ ሰነድ ግን ፋብሪካ አይደለም። አገር ውስጥ ተገጣጥማ ትወጣለች የተባለችው ቮልስ ላም አለኝ በሰማይ ሆና ቀረች።

በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር በአገር ውስጥ የገጣጠመውን የሀዩንዳይ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለጠቅላይ ሚኒስትሩ አሳየ። ይቺ መኪና እውነት ነበረች፤ ተገጣጥማ ታይታለች። ሆኖም በቀን ገቢ ለሚያድር ሰው ከፎቶ አላለፈችም።

አሁን ወደ ባጃጅ እንምጣ ቢባል፣ ምርቃቱን የሚያስታውስ ሰው አይገኝም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ወደ ከተሞቹ ሲገባ ለብዙው ነዋሪ ያለ ሪባንና ያለ ንግግር ነው የደረሰው። ዛሬ አንድ ታየ፣ ነገ አምስት ሆነ። ከዚያ በፊት የአዳማ፣ የመቂና የዝዋይ (የዛሬዋ ባቱ) ሰው ከገበያ ወደ ቤቱ የሚሄደው በጋሪ ነበር። ጋሪው ቀስ በቀስ ወደ ከተማ ዳር ተገፋ፣ ቦታውን ባጃጅ ያዘው። ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ ግን ተሽከርካሪው የቲቪኤስ ምርት ቢሆንም ሰው «ባጃጅ!» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ የዕቃው ስም ሆነ።

ለምን እሱ ተሳካ? አዳማ ላይ መልሱ በየመንገዱ ዳር ይታያል። ካንዴላው በየሱቁ አለ። ፍሪሲዮን የሚቀይር ልጅ በየጥጉ አለ። ጎሚስታው አለ። ትምህርት ያቋረጠ ወጣት አንድ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ዘይት ሲቀባ ከርሞ ሞተር መፍታትና መግጠም ይለምዳል። ተሽከርካሪው ጠዋት ቢቆም ከሰዓት ሥራ ይገባል። ለቀን ገቢተኛ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ባጃጅ ምንም ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። መንገድ ያጨናንቃል፣ ይጨሳል፣ አደጋም ያደርሳል። ግን ተስፋ የሰጠውን ሰው መንገድ ላይ ጥሎ አልጠፋም።

የኩባንያው ታሪክም አስተማሪ ነው። ባጃጅ በመጀመሪያ የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 «ቼታክ» የተባለውን የራሱን ስኩተር አወጣ። ህንድ ውስጥ ቼታክ ለማግኘት ተመዝግቦ እስከ 10 ዓመት የሚጠብቅ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ስኩተር መሥራት አቆመ፣ በ2020 ደግሞ ቼታክን በኤሌክትሪክ መልሶ ለገበያ አቀረበ። እዚያም ትዝታ አለ፣ እዚያም ወሬ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1996 ህንድ ውስጥ የተመረተው ያማሃ አርኤክስ 100 ዛሬም «ሊመለስ ነው» እየተባለ ይወራለታል። ጃዋ ግን በ2018 በእርግጥ ተመልሷል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ህንዳዊው አርኤክስን ሲጠብቅ የሚነዳው ሌላ ሞተር አያጣም፤ አገሩ ራሷ ሞተር ታመርታለች። የእሱ ናፍቆት የትርፍ ጊዜ ናፍቆት ነው። የአዳማው ወጣት የሚጠብቀው በእንጀራው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር ዕቃ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ57,000 ብር ወደ 100,000 ብር ወጣ ማለት ነው። «አዲሱ እስኪገባ» ብሎ ብሩን ባንክ ያስቀመጠ ሰው፣ አዲሱ ሳይገባ አሮጌውም አመለጠው። ሕጉም አብሮ ይለዋወጣል። በሰኔ 2011 አዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ የሌላቸው ሞተሮች እንዳይንቀሳቀሱ አገደች። በጥቅምት 2015 መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ከከለከላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች መካከል ተሽከርካሪዎች ነበሩ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። በወሬ የሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ ከፎቶው ላይ አያነብም።

«ያለ ህልም ኢንዱስትሪ አይመጣም፣ ሆላንድ ካርም ቢወድቅ ሞክሯል» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። የሞከረ ሰው አይወቀስም። መወቀስ ያለበት ምርቃትን እንደ ውጤት የመቁጠር ልማድ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ካሜራ ሁሉ ይመጣል፤ መለዋወጫው ሲያልቅ አንድም ካሜራ የለም። ስለዚህ ሰው ምርቃቱን ያስታውሳል፣ ለምን እንደከሸፈ ግን ሳይማርበት ይቀራል።

ዛሬ ወሬው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። ከወሬ ያለፈም አለ። አዲስ አበባ ላይ ዶዳይ የተባለ ድርጅት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ገበያ ላይ አውጥቷል። ለአዳማም ነገሩ ባዕድ አይደለም። ከከተማዋ ዳር ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ቆቃም ቅርብ ነው። ከቤንዚን ሰልፍ የሚገላግል ተሽከርካሪ ለባጃጅ ሾፌርም፣ ሽንኩርቱን ከመቂ ማሳ ወደ አስፋልት ለሚያወጣ ገበሬም በረከት ነው።

ግን ካለፈው መማር ከተፈለገ ጥያቄው መቅደም አለበት። ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይረዋል? በስንት ብር? አዳማ ላይ ነው ወይስ አዲስ አበባ ድረስ ተጭኖ ይሄዳል? ካንዴላ መቀየር የሚያውቀው የጋራዥ ልጅ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዲፈታ ማን ያስተምረዋል? ከተማዋ ዩኒቨርሲቲም ቴክኒክ ኮሌጅም አላት፤ ሥልጠናው ከምርቃቱ በፊት ቢጀመር የሚከለክል የለም። አስመጪው መለዋወጫውን ከሞተሩ ጋር እንዲያስገባ መጠየቅም የከተማው አስተዳደር ሥራ ሊሆን ይችላል።

የድሮውን ዶቅዶቄ መናፈቅ ክፉ አይደለም። ናፍቆቱ ግን ሙሉ ይሁን፤ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን መጋዘኑንና መካኒኩንም ይጨምር። ፍራንኮ ላይ ነገ ሌላ ፎቶ ሲዞር፣ «መቼ ይገባል?» ከማለት በፊት «መለዋወጫው የት አለ?» የሚል አንድ ሰው ከመካከል ቢነሣ፣ ብዙ ወጣት ከከንቱ ጥበቃ ይድናል።