ፍርሃት በጆሮ ይገባል

ቢስቲማም ሆነ ደሴ ያሉ ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዩትን አስፈሪ ፊልም «የሰይጣን ነው» ብለን ማለፍ አይበቃንም።

ተከታታይ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ይናቃሉ፤ ሙዚቃቸው ግን ይናገራል። በ1986 እ.ኤ.አ. ለ«ዓርብ 13» ስድስተኛ ክፍል አሊስ ኩፐር ዘፈነ። በ1987 ደግሞ ዶከን የተባለው የሄቪ ሜታል ባንድ ለ«ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ሦስተኛ ክፍል «ድሪም ዋሪየርስ»ን ተጫወተ። በዚያ ፊልም ወጣቶቹ በቅዠታቸው የሚመጣባቸውን ገዳይ ተባብረው ይገጥሙታል።

የእንዲህ ዓይነት ፊልም ድምፅ ሲዘጋ ፍርሃቱም ይቀንሳል። ፍርሃት በጆሮ ይገባልና። ዕረፍትም እንዲሁ፤ ሳኦል በዳዊት በገና ተጽናንቷል (1ኛ ሳሙ. 16፥23)። ጳውሎስም እምነትን ከመስማት ጋር ያያይዘዋል (ሮሜ 10፥17)።

የሰባኪ ልጅ የሆነው አሊስ ኩፐር ራሱ ክርስቲያን መሆኑን በአደባባይ ይናገራል። እንግዲያው ዘፈኑን ሰምተን በሰው ተስፋ አንቁረጥ።

ወላጆችና አገልጋዮች ሆይ፣ ስልኩን ከመንጠቃችን በፊት «ልጄ፣ ምን ያስፈራሃል?» እንበል። ወጣቱ በፍርሃቱ ሰዓት አብሮት የሚቆም ወንድም በጉባኤያችን ካላገኘ፣ በጊታር ጩኸት ውስጥ ይፈልገዋል።

ጸጋ ይብዛላችሁ።