የታዳጊዎች የአንጎል እድገትና የወጣት ጥፋተኞች የወንጀል ኃላፊነት

መግቢያ

አንድ የ14 ዓመት ታዳጊ በትምህርት ቤት በር ላይ በተነሳ ጠብ የክፍል ጓደኛውን በድንጋይ ፈንክቶ በፖሊስ ቢያዝ፣ በሁለቱም ቤተሰቦች ዘንድ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ “ጥፋት መሆኑን እያወቀ ለምን አደረገው?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለት የተለያዩ ችሎታዎችን፣ ማለትም ጥፋትን ለይቶ ማወቅንና ራስን መግታትን፣ አንድ አድርጎ ይመለከታል። ሁለቱ ግን በአንድ ዕድሜ አይበስሉም። የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ ከአዋቂዎች ተለይቶ የሚታይበት ምክንያትም ከዚህ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው።

የአንጎል እድገት ምን ያሳያል?

የሰው አንጎል ገና በልጅነት ዕድሜ በመጠን ወደ አዋቂ አንጎል ይቃረባል፤ ውስጣዊ አደረጃጀቱ ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መለወጡን ይቀጥላል። ይህ ለውጥ ሁሉንም የአንጎል ክፍሎች በእኩል ጊዜ አያዳርስም። ስሜትንና ደስታን የሚመለከቱት ክፍሎች ከጉርምስና ጋር በሚመጣው የሆርሞን ለውጥ ቀድመው ይነቃቃሉ። ውጤትን አስቀድሞ የሚመዝነውና ግፊትን የሚገታው፣ ከግንባር በስተጀርባ የሚገኘው ክፍል ግን ዘግይቶ ይበስላል።

አንድ የ16 ዓመት ታዳጊ በእርጋታና በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ሲያስብ ውሳኔው ከአዋቂ ብዙም ላይለይ ይችላል። ቁጣ፣ ፍርሃት ወይም የእኩዮች ግፊት ሲጨመርበት ግን ራስን የመግታት አቅሙ ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት፣ ታዳጊዎች በኮምፒውተር የመኪና መንዳት ጨዋታ ላይ ጓደኞቻቸው አብረዋቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከሚጫወቱበት ጊዜ ይበልጥ አደጋን እንደሚደፍሩ አመልክቷል።

ይህ ግን ለጥፋት ምክንያት መስጫ ሊሆን አይችልም። አብዛኞቹ ታዳጊዎች ከባድ ወንጀል አይፈጽሙም፤ ከሚያጠፉትም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ሲገፋ ድርጊቱን ይተዋሉ። በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት፣ የአልኮል መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ችግሩን ሲያባብሱት፣ የቅርብ ክትትልና ትምህርት ይቀንሱታል።

ሕጉ ዕድሜን እንዴት ይመለከታል?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ታዳጊዎችን በሦስት ይከፍላል። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በአንቀጽ 52 መሠረት በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባሉት ላይ ለአዋቂዎች የተደነገጉት መደበኛ ቅጣቶች አይፈጸሙም። በምትካቸው ፍርድ ቤቱ ተግሣጽና ወቀሳን፣ በቁጥጥር ሥር ሆኖ መማርን፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየትን፣ ሕክምናን ወይም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባትን ሊያዝ ይችላል። እርምጃዎቹ ውጤት ሳያስገኙ ሲቀሩ ለወጣቶች የተለዩ ቅጣቶችም አሉ።

ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉት ግን በመደበኛው ሕግ ይዳኛሉ። ሆኖም በአንቀጽ 56 መሠረት ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸውንና የመታረም ተስፋቸውን መዝኖ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል፤ የሞት ቅጣትም አይወሰንባቸውም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ደግሞ በማረሚያ ተቋም የሚገኙ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

የዕድሜ ወለሉ ጉዳይ በዓለም አቀፍ ደረጃ እያነጋገረ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ፣ ከ12 እስከ 13 ዓመት ባሉ ሕፃናት የፊተኛው የአንጎል ክፍል ገና በእድገት ላይ መሆኑን ጠቅሶ፣ ዝቅተኛው የወንጀል ኃላፊነት ዕድሜ ቢያንስ 14 ዓመት እንዲሆን አገራትን አሳስቧል። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል እንደመሆኗ፣ በሕጉ የተቀመጠው የዘጠኝ ዓመት ወለል ከዚህ ማሳሰቢያ አንጻር መታየቱ አይቀርም።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ምን ሊያውቁ ይገባል?

የመጀመሪያው ዕድሜን ማረጋገጥ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ታዳጊውን ከልዩ እርምጃ ወደ መደበኛ ቅጣት ሊያሻግረው ይችላል። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ ዕድሜው በሕክምና ምርመራ ሊገመት ይችላል፤ ግምት ደግሞ ትክክለኛውን ቀን አይተካም። ስለዚህ ልደትን በወቅቱ ማስመዝገብ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ብቻ የሚፈለግ ጉዳይ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ሁለተኛው ፈጥኖ መቅረብ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ፖሊስ ወጣቱን ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የወረዳ ፍርድ ቤት እንዲያቀርብና ፍርድ ቤቱም ለወላጅ፣ ለአሳዳጊ ወይም ለዘመድ በኃላፊነት ሊያስረክበው እንደሚችል ይደነግጋል። ተረካቢ ያልቀረበለት ታዳጊ ይህን ዕድል ሊያጣ ይችላል።

ሦስተኛው መረጃ መስጠት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ስለ ወጣቱ ጠባይ፣ ትምህርትና አኗኗር ከወላጆችና ከትምህርት ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጉዳትን፣ ሕመምን ወይም የቤት ውስጥ ችግርን በዚህ ጊዜ መደበቅ ተስማሚው እርምጃ እንዳይወሰን እንቅፋት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ልዩ አያያዙ ተጎጂውን የሚዘነጋ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባቱ በካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ታዳጊው ለጥፋቱ መልስ መስጠት አለበት፤ መልሱ ግን ገና በመብሰል ላይ ያለውን ማንነት የሚያቀና እንጂ የሚያጨልም መሆን የለበትም። ይህም እውን የሚሆነው ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ ትምህርት ቤትና ቤተሰብ የየበኩላቸውን በወቅቱ ሲወጡ ነው።