ለእንጀራ የሚሠራ ፒክአፕ ሁለት ቱርቦ አያሻውም

ገራጅ ውስጥ አንዱ «ቱርቦ»፣ ሌላው «ተርቦ» ይለዋል። ሁለተኛው አጠራር ሳይታሰብበት ቁም ነገሩን ይዟል፤ ደጋ ላይ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር በእርግጥም ተርቧል። በባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ የሆነው የአየር ግፊት ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ወደ 0.77 ባር ይወርዳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ የሚጠጋውን አየሩን አጥቶ ነው እንጦጦን የሚወጣው። በናፍጣና በቤንዚን የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ሞተር ማደስና ማጎልበት ይበልጥ የሚታሰብበት ነገር ሆኗል። ለደከመ አሮጌ ሞተር የሚስማማው አንድ ቱርቦ ሊረዳው እንደሚችል አልክድም። የምከራከረው ከዚያ በላይ ከሚሄደው ዕቅድ ጋር ነው፦ ሰፈር ያለ በያጅና ቶርኖ ቤት ይዞ፣ በየቀኑ ጭነት በሚያመላልስ ፒክአፕ ላይ ሁለተኛ ቱርቦ መደረብ።

የዕቅዱን ጥሩ ጎን ሳላነሣ ብነቅፈው ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ከሁለቱ ትልቁ ቱርቦ የውጭውን አየር ይጨምቃል፤ ትንሹ ያንን ተቀብሎ እንደገና ይጨምቀዋል። የሁለቱ ሥራ አይደመርም፣ ይባዛል፤ እያንዳንዳቸው ሁለት እጥፍ ቢጨምቁ ውጤቱ አራት እጥፍ ነው። ደጋ ላይ ይህ ክርክር የበለጠ የሚያሳምን ይመስላል፣ ምክንያቱም መነሻው አየር የሳሳ ስለሆነ ቆላ ላይ የሚገኘውን ግፊት ለማግኘት ብዙ መጭመቅ ያስፈልጋል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቆላ ላይ ከከባቢው በላይ 1.2 ባር የሚገፋ ሞተር በድምሩ 2.2 ባር ያገኛል። ይህንኑ አዲስ አበባ ላይ ለማግኘት 2.2ን ለ0.77 ማካፈል ነው፤ ሦስት እጥፍ እንኳን አይሞላም። ይህን ደግሞ በልኩ የተመረጠ አንድ ዘመናዊ ቱርቦ ይወጣዋል። ከፍታው አንድ ቱርቦን በጥንቃቄ ለመምረጥ ምክንያት ነው እንጂ ሁለተኛውን ለመግዛት አይደለም።

ታዲያ ሁለተኛው የሚያስፈልገው ማን ነው? ፓምፑን ከፍቶ እጅግ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል የሚፈልግ ሰው። በእጅ ሁለት ቱርቦ የመደረብ ሙያ የተስፋፋው በአሜሪካ ከባድ ፒክአፖች፣ በተለይም ባለ 5.9 ሊትር የካሚንስ ሞተር በተገጠመላቸው ዶጅ ራሞች ላይ ነው። ሞተሩ ፒክአፕ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለእርሻና ለግንባታ ማሽን የተሠራ ነበር፤ ብቻውን ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በዶጅ ላይ ሲገባ ደግሞ የሚሰጠው 160 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ የብረት ክምር ብዙ ትርፍ አቅም አለው። የእኛን ባለ ሁለት ሊትር ተኩልና ባለ ሦስት ሊትር ፒክአፕ በዚያ ሚዛን ማስቀመጥ በሬ በሚጎትተው ማረሻ አህያ መጥመድ ነው።

ዋናው ጉዳይ ሙቀት ነው። ንጹሕ አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ናፍጣው የበዛበት ሞተር አቀበት ላይ ሲጨነቅ የሚያወጣው ጭስ ግን ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። የአልሙኒየም ፒስተን የሚተርፈው ዘይቱና ውሃው ሙቀቱን እየቀሙለት፣ በየዙሩም ቀዝቃዛ አየር እየገባለት ነው። አጭር ሩጫ ላይ ይህ ሚዛን አይታወክም። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ ግን ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ፋታ አያገኝም፣ ከትርፉ ናፍጣ የሚመጣው ሙቀትም በቴስታታው፣ በጓርኒሲዮኑና በፒስተኑ ላይ ይከማቻል። የላንድክሩዘሩ ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር እዚህ ላይ ጥሩ ምስክር ነው። ያለ ቱርቦ የተሠራ፣ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ የሚጨምቅ ሞተር ነው። ቶዮታ ከዚሁ ቤተሰብ ቱርቦ ያለው ሞተር ሲሠራ ቱርቦውን ለጥፎ አልተወም፤ ጭመቃውን ወደ 19 ገደማ አወረደው፣ የናፍጣውን አረጫጨትም ለወጠ። ፋብሪካው ለአንድ ቱርቦ ይህን ያህል ከደከመ፣ ሁለት ለመደረብ የሚያስብ ሰው ቢያንስ ቆም ማለት አለበት።

«ፋብሪካዎችም እኮ ሁለት ይገጥማሉ» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው። ላንድክሩዘር 200 በናፍጣ ቪ8 ሞተሩ ሁለት ቱርቦ አለው፣ ቢኤምደብልዩም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በ535ዲ ላይ ትንሽና ትልቅ አጣምሯል። ነገር ግን የቶዮታው ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ እያንዳንዱ አራት ሲሊንደር ይዞ ይሠራል እንጂ አንዱ በሌላው ላይ አይጨምቅም። የቢኤምደብልዩው ደግሞ የትኛው መቼ እንደሚሠራ ኮምፒውተር ይወስንለታል፤ በእጅ የሚጠብቅና የሚላላ ሞላ አይደለም።

«የእኛ መካኒክ የማይሠራው የለም» የሚለውን አከብረዋለሁ፤ ያለ መለዋወጫ መኪና የሚያስነሣ እጅ አለን። ችግሩ የእጅ አይደለም፣ የቦታ ነው። ጠባብ ኮፈን ውስጥ ሁለተኛው ቱርቦ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይታሰራል፤ በደቂቃ ብዙ አስር ሺህ ዙር የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን መልሶ የሚያፈሰው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ከካርተር በታች ከዋለ ዘይቱ መውጫ አጥቶ ወደ አየር ቱቦው ይሾልካል። ከፊልትሮው እስከ ቱርቦው ባለው መስመር ላይ በላላ በያንዳንዱ ተጨማሪ መጋጠሚያ ደግሞ ፊልትሮ ያላየው የፒስታ መንገድ አቧራ መግቢያ ያገኛል። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ያልታሰበላቸውን ጉልበት ይሸከማሉ፤ ፍሬኑ ግን እንደ ዱሮው ነው።

ሁለተኛ ቱርቦ ያሳሰባችሁ ጥቁር ጭስ ከሆነም መድኃኒቱ ቅርብ ነው። ጭሱ ብዙውን ጊዜ የሚበዛው ፓምፑ ለቆላ አየር የተመጠነ ናፍጣ ደጋ ላይ ስለሚረጭ ነው፤ በመጀመሪያ ፓምፑን የሚያውቅ ባለሙያ የናፍጣውን መጠን የምትወስነዋን ቪቴ መልሶ ይመጥናት። አንዱ ቱርቦ አየሩን ወደ ሦስት እጥፍ ሲጨምቅ ከ150 ዲግሪ በላይ ያግለዋልና፣ ከዚያ በኋላ የሚታሰበው ማቀዝቀዣው፣ ኢንተርኩለሩ ነው። ለሁለተኛው ቱርቦ ብር ያጠራቀማችሁ፣ ገንዘቡን በኢንተርኩለር፣ በጭስ ሙቀት መለኪያና በአዲስ የፍሬን ሸራ ላይ አውሉት፤ መለኪያው ከተገጠመ በኋላ ሙሉ ጭነት ይዛችሁ አንድ ጊዜ ደጀንን ውጡና መርፌውን እዩት።