ጆንያውን ተዉት፣ ዘሩን ጠይቁ

ቤታችሁ በጆንያ ድንች ለመትከል ያሰባችሁ ሁሉ የምትጠይቁኝ ስለ ጆንያው ነው። ባልዲስ ይሆናል? የተቆረጠ ጀሪካንስ? ይሆናል፤ ከሥሩ ተበስቶ ውኃ ካላቆረ ሁሉም ይሆናል። በኔ እምነት ዋናው ጥያቄ ዘሩ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ለወጥ ከተገዛው ላይ ያጎነቆለውን መትከል ቀላል ነው፣ አይካድም። ግን አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጤነኛ በሚመስል ድንች ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ተክሉ ገና አረንጓዴ እያለ ድንገት ጠውልጎ ይቀራል። ጉዳቱ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አፈሩን ጓሮ ደፍታችሁ ቲማቲም ወይ ቃሪያ ስትተክሉበት እነሱንም ይይዛል። ስለዚህ ዋጋው ወደድ ቢልም ከታመነ ዘር አባዥ ግዙ። ጉደኔና በለጤ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው፤ በስማቸው ጠይቁ።

በ50 ኪሎ ጆንያ ሦስት ዘር ይበቃል። ስምንት ካጨቃችሁ ብይ የሚያክል ድንች ነው የምትለቅሙት! ተክሉ ሲያድግ አፈር ጨምሩበት፣ ድንቹ ፀሐይ እንዳያገኘው።

ለማውጣትም አትቸኩሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን አገዳውን ቁረጡና ሁለት ሳምንት ያህል ቆዩ። በአውራ ጣት ስታሹት ልጣጩ ካልተላቀቀ ደርሷል። አረንጓዴ የሆነውን ግን ለልጆች እንዳትቀቅሉ፤ መርዙ በመቀቀል አይጠፋም። ተክሉ ጤነኛ ከነበረ ለሚቀጥለው ዘር አስቀምጡት።