ዛፍ ላይ ያለ ማንጎ፣ ስልክ ላይ ያለ ወርቅ

መርሳ ላይ ማንጎ ሳይበስል፣ ዛፉ ላይ እንዳለ ይሸጣል። ነጋዴው ቀና ብሎ ይገምትና ቀብድ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በረዶ ቢመታውም ወልዲያ ላይ ዋጋው ቢሰቀልም ዕዳውም ዕድሉም የእሱ ነው። «ደሪቬቲቭ» የሚሉት ነገር ሲገለጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ነገ በሚመጣ ዋጋ ላይ ዛሬ መዋዋል ነው።

የእህቴ ልጅ እዚያው ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ቀይና አረንጓዴ የዋጋ ሻማ ይወጣል፣ ይወርዳል። የሚነግደው ወርቅ ነው፤ ወርቁ ግን የለም፣ ዋጋው ብቻ። 50 ዶላር አስገብቶ፣ ባሕር ማዶ ያለው ደላላ በፈቀደለት 500 እጥፍ የ25 ሺሕ ዶላር ወርቅ ያዝዛል። ዋጋው ከመቶ ብር 20 ሳንቲም ያህል ወደ ኋላ ካለ ሃምሳዋ አለቀች። «አብሽር አጎቴ፣ ስቶፕ ሎስ አስቀምጫለሁ» አለኝ፤ ኪሳራው ከወሰነው ልክ ሲደርስ ንግዱን የሚዘጋ ትእዛዝ ማለቱ ነው። ነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት በቆየበት ጊዜስ ትእዛዙን ማን ያስተካክለው ነበር?

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደ እሱ ካሉ ተራ ነጋዴዎች ሒሳብ መካከል ከ74 እስከ 89 በመቶው ከሳሪ መሆኑን ገልጦ፣ ለወርቅ ከ20 እጥፍ በላይ እንዳይሰጣቸው ከለከለ። ለጀርመኑ 20፣ ለመርሳው ልጅ 500!

የእኛ ሕግስ? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ ባወጣው መመሪያ ብዙ ነገር አላልቷል፤ የውጭ ሰው እዚህ መጥቶ አክሲዮን እንዲገዛ ሳይቀር በር ከፍቷል። የእኛ ሰው ዶላር አውጥቶ ውጭ እንዲወራረድ ግን አልፈቀደም። አዋጅ 1248/2013 ደግሞ ያለ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ የደላላነት ሥራ አይሠራም ይላል። ስለዚህ ልጁ ብሩን በባንክ ለማያውቀው ሰው ያስተላልፋል፣ በምትኩ ዩኤስዲቲ የሚባል ዲጂታል ገንዘብ (ክሪፕቶ) ይገባለታል፣ እሱን ወደ ደላላው ይልካል። ክሪፕቶውንም ብሔራዊ ባንክ በ2014 ሕገ ወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል።

ክልከላውን አልቃወምም። ዶላር ለመድኃኒትና ለነዳጅ በሚፈለግበት አገር ምክንያት አለው። የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ቴሌግራም ላይ «ሲግናል»፣ ማለትም «አሁን ግዛ፣ አሁን ሽጥ» የሚል ምክር ሻጩ ቀን ከሌት በጥሩ አማርኛ ያስረዳል፤ ሕጉ የተጻፈው ግን ለባንክ ሠራተኛ ነው። የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በአንድ ገጽ ጽፎ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ መለጠፍ ምን ያህል ይከብዳል?

የልጁ አካውንት በሦስተኛው ሳምንት ተቃጠለ። ቀሪዋን 11 ዶላር ላውጣ ቢል ደላላው መልስ ነፈገው። «ለማን አቤት ልበል አጎቴ?» አለኝ። ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዶላሩን ከየት አመጣኸው?» ነው።

በዚያው ሰሞን በረዶ ጥሎ ማንጎው ረገፈ። ነጋዴውና ባለ ዛፉ ተጣሉ፤ ሽማግሎች ገቡ፤ ቡና ተፈላ፤ ከቀብዱ እኩሌታው ተመለሰ።