ጥርሱ ተነቀለ፤ እብጠቱ ግን ቀረ!

በ2016 ዓ.ም አብዛኛው ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የምናዘወትራት ኬክ ቤት ነበረች። ታዲያ ልጅቷ ሻርፗን ከግራ ጉንጯ አላወርድ አለች።

«ምነው፣ ብርድ ነው?» አልኳት።

«ጥርሴ ነው ባክህ! አያመኝም፤ ግን አበጠ።»

አንድ ቦታ ሄዳ፣ ራጅ እንኳ ሳትነሳ ጥርሷን ነቅለውላታል። እብጠቱ ግን ወይ ፍንክች! ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያዛል፤ እሷ ሻርፕ ትቀያይራለች። እንዲህ እንዲህ ሲባል ዓመት ሞላ።

የማያም እብጠት ደህና ነው ያለው ማነው? አሚሎብላስቶማ የሚባል የመንጋጋ ዕጢ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳያም፣ አጥንቱን ከውስጥ እየበላ ይሰፋል። ወጣት ነው ብሎም አይምርም። ጥርስ ሥር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢትም እንደዚሁ ያሳብጣል። ከውጭ ሲያዩዋቸው አይለዩም።

መጀመሪያ ራጅ ይነሳል። ራጅ ግን ጠፍጣፋ ፎቶ ነው፤ የፊቱና የኋላው ይደራረብበታል። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ሕመምተኛ የታየበት ሲቲ ስካን ግን መንጋጋውን እንደ ዳቦ እየሸነሸነ በሁሉም አቅጣጫ ያሳያል። ለጥርስና ለመንጋጋ ተብሎ የተሠራው ኮን ቢም ደግሞ ጭንቅላትን ዞሮ ያነሳል፤ ጨረሩም ባብዛኛው ከትልቁ ሲቲ ያንሳል። ሐኪሙ እዚያ ላይ የሚያየው ብዙ ነው፦ ዕጢው አጥንቱን በስቶ ወጥቷል? የታች ከንፈር ነርቭ ጋ ደርሷል? እስከ የት ይቆረጥ?

ፎቶው ግን የዕጢውን ስም በእርግጠኝነት አይናገርም። ለዚያ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። አሚሎብላስቶማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ዝም ብሎ ቢፋቅ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ይህንን ሁሉ አልፋ ተቀደደች። ሻርፗን ጥላለች፤ ፈገግታዋ ግን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። «ቀደም ብዬ ብሄድ ኖሮ ያነሰ አጥንት ነበር የሚቆረጥልኝ» ትላለች። ይህቺ አባባሏ አንጀቴን ትበላዋለች።

ስለዚህ እህቴ፣ ወንድሜ! በሁለት ሳምንት ያልጠፋ የመንጋጋ እብጠት፣ ያለምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ወይም የሚደነዝዝ ከንፈር ካላችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ። ጥርሳችሁ ከመነቀሉ በፊት ራጅ ጠይቁ። ካስፈለገም ወደ መንጋጋና ፊት ቀዶ ሐኪም ይጻፍላችሁ፤ ከፒያሳ ብዙ ሳትርቁ ስድስት ኪሎ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል ይህ ሕክምና አለ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።