ሥራው ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲመጣ ምን ይጎድላል?

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በኮምፒውተርና በመረጃ ቴክኖሎጂ ወጣቶችን ሲያስመርቅ ቆይቷል። ተመራቂው ግን በሙያው ሥራ ሲፈልግ የሚጠቆመው መንገድ ያው አንዱ ነው፤ የአባይን በረሃ ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አዲስ አበባ። እዚያ ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዙን የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል። የሶፍትዌር ሥራ የሚፈልገው ኮምፒውተር፣ መብራትና ኢንተርኔት ከሆነ ሥራው ራሱ ወደ ወጣቱ ለምን አይመጣም?

ጥያቄው የዋህ ምኞት አይደለም። ዞሆ የተባለው የህንድ ሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከቼናይ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በአነስተኛዋ ቴንካሲ ቢሮ ከፍቷል። ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ ወጣቶችንም እየከፈለ ያሠለጥናል። ይህ ምጽዋት አይደለም። በትልልቅ ከተሞች ደመወዝ ይንራል፤ ሠራተኛውም ከድርጅት ድርጅት ይዘላል። በትውልድ ቀዬው፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖር ባለሙያ ግን ይረጋል።

የእኛ ልጆች ችሎታም አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤቱኤስቪ የተባለ የሥልጠና ፕሮግራም በአዲስ አበባና በአዳማ ያሠለጠናቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎግል ድረስ ተቀጥረዋል። ማርቆስ የሚማረው ወጣት ከእነርሱ ጋር በአንድ አገር አቀፍ ፈተና ያለፈ ነው። የለየው የደረሰው ዕድል ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ትልቁ ነገር እምነት የሚጣልበት ኔትወርክ ነው። በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በሐምሌ 2016 ነበር። በዚያው ወር መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመሆን በሦስት ዓመት አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት የሚያሠለጥን የኮደርስ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሥልጠናው መልካም ነው። ነገር ግን ሥራውን በቀጠሮ ማስረከብ ያለበት ባለሙያ ለወራት ከመስመር ሲጠፋ ደንበኛው ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሰላም ለአካባቢው የሥራ ዕድልም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ጉዳዩ ለጎጃም ሙስሊሞች የተለየ ክብደት አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከማርቆስ በስተደቡብ የነበረውን ትልቁን የባሶ ገበያ ካደመቁት መካከል ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ንግድ ዛሬም የብዙ ቤተሰቦቻችን እንጀራ ነው። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉ የሙስሊሞች ሱቆችም አብረው ተቃጥለዋል። የዓመታት ጥሪት በአንድ ቀን አመድ ሆነ። ንግዱን ይተዉ አንልም። ነገር ግን ከቤተሰቡ አንዱ ልጅ እሳት የማይበላውን ሙያ ቢይዝ ቤቱ በአንድ ምሰሶ ብቻ አይቆምም። ሴት ልጃቸውን ብቻዋን ወደ አዲስ አበባ መላክ ለሚከብዳቸው ወላጆችም ቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኔትወርኩን መዘርጋትና ሰላምን ማውረድ የእኛ አቅም ብቻ አይደለም፤ ኃላፊነቱ የመንግሥትና መሣሪያ ያነሱ ወገኖች ሁሉ ነው። በእጃችን ያለ ነገር ግን አለ። ብዙ ተመራቂ ላፕቶፕ የለውም፤ በወለድ መበደርም አይፈልግም። ዘምዘም ባንክ በ2013 የአገሪቱ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆኖ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሌሎችም ተከትለዋል። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ለመኪናና ለሸቀጥ የሚሆነው ይህ አሠራር ለላፕቶፕም ይሆናል። ወጣቶች እርስ በርስ ዋስ ቢሆኑ፣ የአካባቢው ነጋዴዎችም ከጎናቸው ቢቆሙ የመያዣው ችግር ይቀላል። ጀነሬተር ያለው ነጋዴ አንዲት ክፍል ለእነዚህ ልጆች ቢለቅ ደግሞ የመብራቱ ጭንቀት ይቃለላል።

ኩባንያዎች ባለሙያ ፍለጋ ትንንሽ ከተሞችን ማየታቸው አይቀርም። ያን ቀን ማርቆስ፣ ሞጣና ብቸና ሥራውን ሰርተው የሚያሳዩ ልጆች ይዘው ሊጠብቁ ይገባል። ዝግጅቱን ዛሬ ከጀመርን ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።